«ቅይጥ»፣ «መስመር» እና «ገጽ»፦ በአንድ የትምህርት ቃላት ዝርዝር ላይ የቀረበ ሒስ

ከጥቂት ወራት በፊት አንድ የትምህርት ተቋም ለመምህራን ሥልጠና ያዘጋጀው የቃላት ዝርዝር በእጄ ገባ። ዝርዝሩ ስልሳ ያህል የእንግሊዝኛ ሙያዊ ቃላትን ከአማርኛ አቻዎቻቸው ጋር አሰልፎ የያዘ ሲሆን፣ አብዛኞቹ በክፍል ውስጥ የሚሰጠውን ትምህርት በኮምፒውተርና በእጅ ስልክ አማካይነት ከሚሰጠው ጋር አያይዞ የማስተማርን ዘዴ የሚመለከቱ ናቸው። እንግሊዝኛው «ብሌንድድ ለርኒንግ» ይለዋል። አዘጋጆቹ እነዚህን ቃላት በአማርኛ ለመተካት መነሣታቸው ራሱ ምስጋና ይገባዋል፤ ብዙዎቹ ሠልጣኞች በአማርኛ የሚያስተምሩ የአንደኛ ደረጃ መምህራን ናቸውና። ሆኖም ይህ ጸሐፊ ዝርዝሩን ከዳር እስከ ዳር ካነበበ በኋላ፣ ከተመረጡት ስያሜዎች ጥቂቶቹ ነገሩን ከመግለጽ ይልቅ የሚሰውሩ፣ አንዳንዶቹም የሚጠሩትን ሰው የሚያዋርዱ ሆነው አግኝቷቸዋል። ስያሜ ወደ መምህሩ የሚደርሰው ከዘዴው ቀድሞ ነው፤ መመሪያውም፣ ቅጹም፣ የፈተናው ጥያቄም የሚጻፈው በዚያው ስያሜ ነውና ስሕተቱ በቃላት ዝርዝሩ ውስጥ ታጥሮ አይቀርም።

ስለ ስሙ ከመከራከር በፊት ግን ስለ ነገሩ መግባባት ያስፈልጋል። አንድ መምህር በክፍል ያስተማረውን ትምህርት ማታ በቴሌግራም ደግሞ ቢልከው፣ ይህ የምንነጋገርበት ዘዴ አይደለም፤ ድግግሞሽ ነው። የምንነጋገርበት ዘዴ የሚባለው የትምህርቱ አንዱ ክፍል መምህርና ተማሪ ተገናኝተው የሚሠሩት፣ ሌላው ክፍል ደግሞ ተማሪው በራሱ ጊዜና በራሱ ቦታ በበይነ መረብ የሚከታተለው ሆኖ፣ አንዱ ያለሌላው ጎዶሎ እንዲሆን ተደርገው ሁለቱ አስቀድመው ሲታቀዱ ነው። እንግዲህ ፅንሰ ሐሳቡ ሁለት ዐቢይ ጠባዮች አሉት ማለት ነው። አንደኛው፣ ክፍሎቹ ልዩነታቸውን ይዘው መቆየታቸው ሲሆን፣ ሁለተኛው አንዱ በሌላው ላይ መደገፉ ነው። አቻ ቃሉ ሁለቱንም ጠባዮች አጉልቶ ማሳየት ባይችል እንኳ ቢያንስ አንዱንም መጻረር የለበትም።

ነገሩ በአገራችን ፈጽሞ አዲስ አይደለም። ቀድሞ «የተልእኮ ትምህርት» ይባል የነበረው፣ በኋላም «የርቀት ትምህርት» የተባለው ዘዴ ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ ተማሪው ጽሑፉን በቤቱ ያጠናል፣ የሠራውን መልመጃ ይልካል፣ በተወሰነ ጊዜ ደግሞ ወደ ጣቢያው ሄዶ ከመምህሩ ጋር ይገናኛል። ስለ ሁለቱ ስያሜዎች እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። «ተልእኮ» ላከ ከሚለው ግስ የወጣ በመሆኑ የሚያተኩረው በመላላኩ፣ ማለት በመምህሩና በተማሪው መካከል በሚመላለሰው ነገር ላይ ነበር። «ርቀት» ግን የሚያተኩረው በሌለው ነገር ላይ ነው። ሁለተኛው እንግሊዝኛውን በይበልጥ ስለ መሰለ የመጀመሪያውን አስወጣው። ለዚህ ጸሐፊ አስተያየት ከተፈቀደለት፣ የተሻለው ቃል የተጣለው ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ ወዲህ የመጣው ታላቅ ሙከራ በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተጀመረው የሳተላይት ቴሌቪዥን ትምህርት ነው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ተዘጋጅቶ በየክፍሉ በተሰቀለው ሰሌዳ መሳይ ቴሌቪዥን ይተላለፍ ነበር፤ የክፍሉ መምህር በመግቢያና በመዝጊያ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ይናገራል፣ የቀረውን ክፍለ ጊዜ የሚይዘው ግን መስኮቱ ነው። ተማሪው አልገባኝም ቢል ሥርጭቱን ማቆም አይቻልም ነበር። መንግሥት ለዚህ ዘዴ የሰጠው ረጅም መጠሪያ በሕዝቡ አፍ ሊገባ አልቻለም። ተማሪውም፣ መምህሩም፣ ወላጁም ነገሩን በዕቃው ስም «ፕላዝማ» አሉት፤ በዚያው ጸና። የሥነ ሕይወት ትምህርት ስለ ደም ፕላዝማ፣ ፊዚክስ ደግሞ ስለ አራተኛው የቁስ አካል ሁኔታ በፕላዝማ ያስተማረበት ዘመን ነበር እንግዲህ። እንዲህ ያለ አጋጣሚ ቢያስቅም የሚያስተምረው ቁም ነገር አለው፤ የቃላት አውጪው ክፍል የሚያዝ፣ የማይረዝምና ነገሩን የሚመስል ስያሜ በጊዜው ካላቀረበ፣ ሕዝቡ በእጁ ባገኘው ዕቃ ስም ይጠራዋል። ትምህርት ቤቶች በወረርሽኙ ምክንያት መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተዘጉ በኋላም የሆነው ይኸው ነው። «ልጆቹ በቴሌግራም እየተማሩ ነው» መባል ተጀመረ። በቴሌኮሙኒኬሽን መሥሪያ ቤት መስኮት ቆሞ የሐዘን ወይም የደስታ መልእክት በቃል ቁጥር እየከፈለ የላከ የዕድሜ ባለጠጋ ይህን ሲሰማ ምን እንደሚታየው መገመት አያዳግትም።

ወደ ዝርዝሩ ልመለስ። ለዋናው ፅንሰ ሐሳብ የተመረጠው አቻ «ቅይጥ ትምህርት» የሚል ነው። ቃሉን የሚደግፍ ታሪክ እንዳለው አይካድም። በ1982 ዓ.ም. መንግሥት የኢኮኖሚ መርሑን ሲለውጥ «ቅይጥ ኢኮኖሚ» የሚለው ሐረግ በጋዜጣና በሬዲዮ ስለተደጋገመ፣ «ቅይጥ» የተማረውን ክፍል ጆሮ ለምዷል። ይሁን እንጂ ቃሉ ከቢሮ ወጥቶ ገበያ ሲደርስ ሌላ መልክ ይይዛል። ቅቤ ተቀየጠ፣ በርበሬ ተቀየጠ ሲባል የሚሰማው ማጭበርበር ነው፤ ንጹሑ ነገር ላይ ባዕድ ነገር ተጨምሮ ዋጋው እንዳይቀንስ ተደርጓል ማለት ነው። ስለዚህ ወላጅ ልጁ «ቅይጥ ትምህርት» እንደሚማር ሲነገረው፣ ንጹሑ ትምህርት የቱ፣ የተጨመረበትስ የቱ ብሎ ቢጠይቅ የሚፈረድበት አይደለም። ስለ ምጣኔ ሀብት ሲነገር ሰሚው ከነገሩ የራቀ ስለሆነ የቃሉ ጥላ አልከበደውም ነበር። ስለ ገዛ ልጁ ሲነገር ግን ይከብደዋል።

ሌሎቹ እጩዎችም በየራሳቸው መመርመር አለባቸው። «ድብልቅ» በሳይንስ ትምህርታችን የታወቀ ቦታ አለው፤ ንጥረ ነገሮቹ ጠባያቸውን ሳይለውጡ አብረው የሚገኙበትን ሁኔታ «ድብልቅ»፣ ጠባያቸውን ለውጠው ሌላ ነገር የሚሆኑበትን «ውሕድ» እንላለን። በዚህ ሚዛን ከታየ፣ ክፍሎቹ ልዩነታቸውን ጠብቀው የሚቆዩበት ዘዴ «ውሕድ» ሊባል ፈጽሞ አይገባውም፤ «ድብልቅ» ግን በሳይንሳዊ ፍቺው ትክክል ይሆናል። ችግሩ በዕለት ንግግር «ድብልቅ» ወደ «ድብልቅልቅ» የሚያዘነብል መሆኑ ነው፤ ሥርዓት ማጣትን ያስታውሳል። የሁለተኛውን ጠባይ፣ ማለት አንዱ በሌላው መደገፉንም አያሳይም። ጤፍና አሸዋ ቢደባለቁ አንዱ ለሌላው ምኑም አይደለም። «ቅልቅል» ደግሞ የሠርግ ሽታ አለው፤ እርሱን እዚህ ላይ እተወዋለሁ።

ለዚህ ጸሐፊ ከሁሉም ይበልጥ ያጓጓው «ቅንጅት» ነው። ሥሩን ያየ እንደሚያውቀው፣ አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ ሌላውን ባለ አንድ በሬ ፈልጎ ይቀናጃል፤ በመቀናጆ ዛሬ የአንዱን ማሳ፣ ነገ የሌላውን ያርሳሉ። በሬዎቹ የየባለቤታቸው እንደሆኑ ይቀራሉ፤ ነገር ግን አንዱ ያለሌላው ማረስ አይችልም። ለፅንሰ ሐሳባችን ከዚህ የበለጠ ምሳሌ ከየትም አይገኝም። ሆኖም ሁለት ነገሮች እጁን ይይዙታል። በመጀመሪያ፣ «የተቀናጀ» የሚለው ቅጽል በመንግሥት ሰነዶች ሁሉ ውስጥ ተበትኖ ምንነቱን አጥቷል፤ የተቀናጀ የገጠር ልማት፣ የተቀናጀ ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት፣ የተቀናጀ የተፋሰስ ሥራ እየተባለ በእንግሊዝኛው ሌላ ቃል ለሚጠራ ፅንሰ ሐሳብ ተይዟል። አንድን የአማርኛ ቃል በአንድ የሙያ መስክ ውስጥ ለሁለት የተለያዩ ፅንሰ ሐሳቦች መስጠት ከቃላት አወጣጥ ሕግጋት የመጀመሪያውን መጣስ ነው። በሁለተኛ ደረጃ፣ ቃሉ ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ ወዲህ የአንድ የፖለቲካ ድርጅት ስም ሆኖ ስለሚታወስ በመምህራን ስብሰባ ላይ ሲነሣ ከትምህርት ውጭ የሆነ ነገር ሹክ ይላል። ይህ የቃሉ ጥፋት ባይሆንም ቃላት አውጪው ከቁጥር ሊያስገባው ይገባል።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ «የድርና ማግ ትምህርት» ብንለውስ ብለውኝ ነበር። ሐሳቡ ውብ ነው፤ ነገር ግን «ድር» በ«ድረ ገጽ» ለሌላ ሥራ ተቀጥሯል፤ ሐረጉም ለመዝገበ ቃላት ግቢ አይመችም።

ስለዚህ ለጊዜው የምደግፈው «ጥምር ትምህርት» የሚለውን ነው። «ጥምር» በሰዋስዋችን የታወቀ ቃል ነው፤ «ጥምር ቃል» ስንል ሁለቱ ቃላት እንደተለዩ የሚታዩበት፣ ነገር ግን አብረው አንድ ሦስተኛ ፍቺ የሚሰጡበት መዋቅር ማለታችን ነው። «ጥምር መንግሥት» ሲባልም ፓርቲዎቹ አልፈረሱም፤ አንዱ ከወጣ ግን መንግሥቱ ይፈርሳል። ሁለቱም ጠባዮች ተሟልተዋል። ግሱ «አጣመረ»፣ ስሙ «ጥምረት»፣ አድራጊው «አጣማሪ» እየተባለ ያለ ችግር ይረባል፤ ይህም ለሙያዊ ቃል ቀላል ብልጫ አይደለም። የገበያ ጥላም የለበትም።

ከዚህ በላይ የከፋው ግን የ«ኦንላይን» አቻ ነው። ዝርዝሩ «በመስመር ላይ» ብሎታል፤ ተቃራኒውንም «ከመስመር ውጭ» ብሎታል። ይህ አቻ በስልኮቻችንና በኮምፒውተሮቻችን ላይ ከተጫኑት የአማርኛ ትርጉሞች ውስጥ በሰፊው ስለሚገኝ፣ የዝርዝሩ አዘጋጆች ያገኙትን መውሰዳቸው ነው እንጂ ብቻቸውን አይወቀሱበትም። ነገር ግን አማርኛ «መስመር» ለሚለው ቃል የራሱ የሆነ የፍቺ ሜዳ አለው። «መስመር ላይ ነኝ» የሚል ሰው በስልክ እየተነጋገረ ነው። «መስመር ያዘ» የተባለ ልጅ ከብዙ ጭንቀት በኋላ ተስተካከለ ማለት ነው። «ከመስመር ወጣ» የተባለውስ? የዚህን ፍቺ ለማንም አማርኛ ተናጋሪ መንገር አያስፈልግም።

ይህ የቃላት ጨዋታ ብቻ አለመሆኑን የተረዳሁት አንድ የተሞላ ቅጽ ሳይ ነው። ቅጹ ለአንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተላከ ሲሆን፣ ከጥያቄዎቹ አንዱ «ከመስመር ውጭ የሆኑ ተማሪዎችን ዘርዝሩ» የሚል ነበር። የጥያቄው ዓላማ ስልክም ሆነ ኮምፒውተር በቤታቸው የሌላቸውን ልጆች ለይቶ የታተመ ጽሑፍ እንዲደርሳቸው ለማድረግ ነው። የክፍሉ መምህር ግን አራት ስም ጻፉ፤ ከስሞቹም ትይዩ «በተደጋጋሚ ይጣላል»፣ «ከክፍል ይጠፋል»፣ «ወላጁ ተጠርቶ ተመክሯል» የሚሉ ማስታወሻዎችን በጥንቃቄ አስፍረዋል። እኒህ መምህር የሠሩት ምንም ስሕተት የለም፤ አማርኛውን በትክክል ነው ያነበቡት። የተሳሳተው ጠያቂው ነው። የክፍሉ ልጆች አብዛኞቹ ስልክ የሌላቸው ሆነው ሳለ፣ የታተመው ጽሑፍ የተጠየቀው ለአራት ልጆች ሆነ፤ እነርሱም ጠበኞቹ ናቸው።

ጉዳዩ እዚህ ላይ አያበቃም። እንበልና መምህሩ የቅጹን አሳብ ቢረዱት ኖሮ፣ ጥፋት የሌለባቸውን ልጆች ስም «ከመስመር ውጭ የሆኑ» በሚል ርእስ ሥር ሊጽፉ ነበር። በብዙ የገጠር ትምህርት ቤቶቻችን ይህ ማለት ከሞላ ጎደል መላውን ክፍል ማለት ነው። በእንግሊዝኛው ገለልተኛ የሆነ የቴክኒክ ቃል ወደ አማርኛ ሲተላለፍ በድሃ ልጅ ላይ የሚለጠፍ ነቀፌታ ከሆነ፣ ተርጓሚው ቃል በቃል ተርጉሞ ፍቺውን አሳልፎ ሰጥቷል። ስለዚህ «በበይነ መረብ» እና «ያለ በይነ መረብ» ቢባል ይበቃል። «በይነ መረብ» የሚለው ስያሜ በ«በይነ መንግሥታት» ምሳሌ የተሠራ፣ በመገናኛ ብዙኃን የተለመደና ለርቢ የማያስቸግር ነው። «በበይነ» ላይ ያለው የፊደል ድግግሞሽ ለምላስ ጥቂት ይከብዳል፤ እርሱን መቻል ግን ልጅን ከመስመር ከማስወጣት ይቀላል። ኢንተርኔት ማለትን የሚመርጥም አይወቀስም። በ1980ዎቹ መጨረሻ የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ሲታተም ኢንተርኔት ወደ አገራችን ገና መግባቱ ስለነበር፣ ቃሉ ከቃላት አውጪዎች ቀድሞ በራሱ እግር የገባ እንግዳ ነው።

ሦስተኛው ችግር «ገጽ» ነው። ዝርዝሩ መምህርና ተማሪ ተገናኝተው የሚማማሩበትን ክፍል «የገጽ ለገጽ ትምህርት» ይለዋል። ሐረጉ የግእዙን «ገጸ በገጽ» የሚያስታውስ ስለሆነ ለተማረ ሰው ጆሮ የከበረ ነው፤ ለርቀት ትምህርትም ሲያገለግል ቆይቷል። ዳሩ ግን በዚሁ ዝርዝር ላይ ከአሥር መስመር በታች «ድረ ገጽ» ተቀምጧል። የዘዴው ሁለት ጫፎች፣ ማለት የመምህሩ ፊትና የኮምፒውተሩ መስኮት፣ በአንድ ቃል ተጠርተዋል ማለት ነው። ለዛሬ ተማሪ «ገጽ» ማለት በቅድሚያ የመጽሐፍ ገጽ ነው፤ በአንድ ሥልጠና ላይ «ገጽ ለገጽ» ማለት ጽሑፉን ከገጽ ወደ ገጽ ተከታትሎ ማንበብ መስሏቸው መልስ የሰጡ ሠልጣኞች አጋጥመውኛል። «በአካል» የሚለው ዕለታዊ ቃል ይህን ሁሉ ያስቀራል፤ «በአካል ይምጡ» ሲባል የማይገባው የለም። ማስጠንቀቂያ ግን አለው፤ «በ» መውደቅ የለበትም። «የአካል ትምህርት» ከተባለ ሰሚው ወደ ሥነ ሕይወት ወይም ወደ ስፖርት ሜዳ ይሄዳል። «በአካል የሚሰጥ ትምህርት» ብሎ ሐረጉን መሸከም ይሻላል።

የቀሩትን በጥቂቱ አልፋቸዋለሁ። «ማውረድ» እና «መጫን» ጥሩ ናቸው፤ ከአጋሰስ የተወሰዱ ቢመስሉም ነገሩን ይገልጻሉ። «መጫን» ፋይል መላክንም፣ ፕሮግራም ማስገባትንም እኩል መያዙ ግን በመመሪያ ላይ ያደናግራልና ማብራሪያ ይፈልጋል። «ግብረ መልስ» የተዋጣለት ስያሜ ስለሆነ ማንም እንዳይነካው። «ምናባዊ ክፍል» ግን የሌለ ክፍል ማለት ነው፤ ተማሪው በእውነት የተማረበትን ክፍል በምናብ የታየ ማድረግ አይገባም።

ተማሪው ትምህርቱን አስቀድሞ በቤቱ ተመልክቶ በክፍል ልምምዱን የሚሠራበት ዘዴ «የተገለበጠ ክፍል» ተብሏል። በአማርኛ የሚገለበጠው መኪና ነው፤ አለዚያም መንግሥት። ከዚህ ይልቅ የራሳችንን ልማድ መመልከት ይበጃል። በቅኔ ቤት ተማሪው ከጉባኤው ገለል ብሎ ብቻውን ይቆጥራል፤ የቆጠረውን ይዞ ለመምህሩ ወይም ለአስነጋሪው ይነግራል፤ እርማቱንም በዚያው ይቀበላል። ብቻ መሥራቱ ከመገናኘቱ ይቀድማል፤ መገናኘቱ ለእርማት ነው። ዘዴው እንደ አዲስ ግኝት ከመተረጎሙ በፊት «ቆጠራ» የሚለው ቃል መኖሩን አዘጋጆቹ ቢያውቁ ኖሮ፣ ቃሉን እንዳለ ባይወስዱት እንኳ «ቅድመ ክፍል ጥናት» ወደሚል ግልጽ ሐረግ ይደርሱ ነበር።

መምህሩን «አመቻች» ማለትንም አልቀበለውም። በጎልማሶች ትምህርት ላይ ይህ ስያሜ ምክንያት ነበረው፤ አመቻቹ ብዙ ጊዜ ከማኅበረሰቡ የተመረጠ እንጂ የሠለጠነ መምህር አልነበረምና። በመደበኛ ትምህርት ቤት ግን መምህሩ የሚያስተምር ሰው ነው። በፕላዝማው ዘመን መስኮቱን ከፍቶ የሚዘጋ ሆኖ እንዲቀር ተገዶ እንደነበር አይዘነጋም፤ ያን ጊዜ ስሙ እንኳ አልተወሰደበትም። አሁን ሥራው በጥምር ትምህርት ውስጥ ከቀድሞው ከብዶ ሳለ ስሙን ቀንሶ መጥራት ምን የሚሉት ሒሳብ እንደሆነ አልገባኝም።

ያልተፈታ አንድ ጥንድ ቃል ይቀራል። መምህርና ተማሪ በአንድ ሰዓት በበይነ መረብ የሚገናኙበትን ትምህርት ዝርዝሩ «የተመሳሰለ»፣ እያንዳንዱ በተመቸው ሰዓት የሚከታተለውን «ያልተመሳሰለ» ብሏቸዋል። «የተመሳሰለ» በአማርኛ እውነተኛውን እንዲመስል የተሠራ፣ ሲከፋም የሐሰት ማለት ስለሆነ ሊጸና አይችልም። «በቀጥታ» እንዳንል፣ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ሥርጭት ተይዟል፤ መምህሩ የማይሰማውን ተማሪ ይመለከታልና ፍቺው አይገጥምም። ለጊዜው «በአንድ ሰዓት» እና «በየሰዓቱ» የሚሉትን አስቤ ነበር፤ ሁለተኛው ግን በየስልሳ ደቂቃው ማለት መስሎ ስለሚሰማ ተውኩት። አሁን የማመዛዝነው «የእኩል ሰዓት» እና «የየግል ሰዓት» የሚሉትን ነው። በክፍላቸው የሚሠሩበትን ቃል የሚያውቁ መምህራን ለመጽሔቱ አዘጋጅ ክፍል ቢልኩልን በሚቀጥለው ዕትም እንመለስበታለን።